የሚዛን ቤቱ ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንጂ ላይ ሸንኮራ መዘንኩ፤
ጭነቱን ሲገባ፣ ባዶውን ሲወጣ፣ ልዩነቱን ጻፍኩ።
ነፋስ ሲነሳ ግን አልመዝንም ነበር፤
ያውቅበታል ነፋስ በብረት ላይ ማደር፣
ቆጣሪውን ገፍቶ በኪሎ መናገር።
"ቆይ ይረፍ" እላለሁ። ሾፌሩ ይሳደባል።
የቸኮለ ሚዛን የሰው እንጀራ ይበላል።

ከጡረታ ወዲህ ሽንቴ አመል አወጣ፤
እንደ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ መጣ።
ሌሊት አራት ጊዜ ባትሪ ይዤ ስወጣ
ጎረቤቴ ሰማ፤ "ሌባ ነው?" አለኝ በአጥር ቀዳዳ።
"ሌባ ነው" አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው?
ወንድ ልጅ ይህን ነገር በምን አፉ ይለው?

ዶክተር ምሕረተአብ ፍራንኮ አካባቢ፣ ከፎቁ ላይ፣ በዝግታ
"ፕሮስቴት"፣ "እጢ"፣ "ካንሰር" — ሦስቱን ቃል
አንድ በአንድ አስቀመጠ፣ እንደ ቆርኪ በዳማ ገበታ።
"አንዱ ዓይነት እንቅልፋም ነው፣ ከሰውዬው ጋር ያረጃል፣
ሳይነካው፣ ሳይነቃ፣ አብሮት አፈር ይወርዳል።
አንዱ የአገዳ እሳት ነው፣ ለቆረጣ የሚለቀቅ፤
ማሳው ውስጥ ከገባ ጠባቂ የማይጠብቅ።
ከላይ ሲያዩአቸው ግን ሁለቱም ይመሳሰላሉ።"
"ታዲያ በምን ይለያል?"
"በዘርህ" አለኝ፤ "ደምህ ሄዶ ይነበብ።
ከዚያ ወይ ቁጭ ብለን እናየዋለን፣
ወይ ሳይቀድመን እንቀድመዋለን።"

አልዋሽም፤ ቁጭ ማለቱን ወድጄ ነበር።
ቢላ ፈርቼ ብቻ አይደለም።
ከቢላው በኋላ ከሚስቴ ጎን ስተኛ
ባሏ ልሁን ጎረቤቷ፣ ይኼ ነው ያሳሰበኝ።

የመስኖ ፓምፔን ሸጥኩ።
ደሜ በበረዶ ታሽጎ ባሕር ተሻገረ።
እኔ አውሮፕላን የማውቀው ከታች ወደ ላይ ነው፤
ደሜ ቀደመኝ።

ስድስት ሳምንት። ከኮረብታው ላይ
ነጫጮቹ የነፋስ ማማዎች ሲዞሩ እያየሁ
"ቆይ ይረፍ፣ ቆይ ይረፍ" አልኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

መልሱ መጣ፤ አንድ ገጽ ተኩል።
"ስትፈጠር ጀምሮ" አለኝ፣ "አንዲት ፊደል ተሳስታለች።"
"ማን ጻፋት?"
"ከአባትህ ወይ ከእናትህ የመጣች ናት።"

እኔ አባቶቼን እስከ ሰባት ቤት በቃሌ እቆጥራለሁ፤
ሂርጳ በዳሳ፣ በዳሳ ቱፋ፣ ቱፋ ጉርሜሳ...
በሰርግ ቆጥሬአለሁ፣ በለቅሶ ቆጥሬአለሁ፤
አንድም ቀን እናቴን በዚያ መስመር አላስገባሁም።
ብርቂቱ።
በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ ጡቷ ላይ እንደ ሎሚ ባበጠ ነገር።
"ምች ነው" ተባለ፣ ዳማከሴ ተጨመቀ፤
"ዓይን ነው" ተባለ፣ ክታብ ተጠየቀ፤
ስሙን የጠራው የለም።
ወንድሟ ገመዳም "ወገቤን" እንዳለ፣
ሽንቱ እንደ ተዘጋ፣ ሐምሌን ሳያይ አለፈ።
ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ።
ሲስበኝ ኖሯል፤
በማን በኩል እንደሆነ የነገረኝ ይህ ወረቀት ነው።

"እንግዲህ ይኼ ቁጭ ተብሎ የሚታይ አይደለም" አለ ዶክተሩ።
"ግን ይህችው ስህተት በር አላት፤
ቢመለስብን እንኳ፣ ይህችን ፊደል ለያዘ ሰው
የሚሠራ ኪኒን አለ። ውድ ነው፣ ፈልገን እናገኘዋለን።"
መስኮቱን አየሁ። ላስቲኩ ከሽቦው ላይ
ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሏል።
ነፋሱ ረግቷል።
"ቀን ቁረጥልኝ" አልኩት።

ለሚስቴ ማታውኑ ነገርኳት፤ ወገቤን ደገፍ አድርጋ
"ጎረቤትም ቢሆን የኔ ጎረቤት ነህ" ብላ ሳቀች፣
ከዚያ ፊቷን አዞረች።

የቀረችው ኩለኒ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ባለ ትዳር፤
ሳቋ የእናቴ፣ አረማመዷ የእናቴ።
ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ።
በአራተኛው፣ "አባ፣ ምነው በዚህ ሌሊት?"
"ዘር ልቆጥርልሽ ነው" አልኳት፤
"አዳምጪኝ፣ እስክሪብቶም ያዢ፦
ኩለኒ ሂርጳ፤
ሂርጳ ብርቂቱ።"